ከክሪኩ ጎን ያለው ስልክ

የስምሪት ኃላፊው «ደንቆሮ» ያለኝ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሹፌሮች ሁሉ በተሰበሰቡበት ነው። አልረሳሁትም። «ሦስት ጊዜ ደውዬ አታነሳም? ለነገሩ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው መች ስልክ ያውቃል» አለ፤ ሳቁብኝ። ስነዳ ስልኬን አጥፍቼ መፍቻ ሳጥን ውስጥ፣ ከክሪኩ ጎን እንደምከተው ግን አሳምሮ ያውቃል። ያንኑ ዕለት የምነዳውን የተማሪዎች ሚኒባስ ነጥቆኝ «አቤት ጌታዬ» ለምንለው ሹፌር ሰጠው። ስሙ የወጣለት ኃላፊው ሲደውል በመጀመሪያው ጥሪ ስለሚያነሳ ነው።

ሐሙስ ኃላፊው ደወለ። አቤት ጌታዬ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ አነሳ፤ ሄዶ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመ። የኃላፊው ልጅም ከተማሪዎቹ ጋር ነበረች፤ ክንዷ ተሰበረ።

ዛሬ ኃላፊው በተጋጨው ምትክ የተመደበውን መኪና ቁልፍ ይዞ መጣ። ዓይኔን አያይም።

«ወንድምዬ፣ ልጆቹን አንተው ያዝልኝ። የኔዋም ካንተ ጋር ካልሆነ አልሄድም ብላለች።»

ቁልፉን ተቀበልኩት። ይቅርታ ይለኝ እንደሆነ ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ።

«ግን ስደውል ታነሳለህ፣ አይደል?» አለኝ።

ስልኬን እዚያው ፊቱ አጠፋሁትና ከክሪኩ ጎን ልከተው ወደ መኪናው ሄድኩ።