የነጣው ዘይት

ሙሄ ከማታር ገበያ በጀልባ ተመልሶ መኪናውን ሲነዳት ከኋላዋ የማያውቀው ጩኸት ሰማ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አሮጌ የስፖርት መኪና ናት። የግሪክ ነጋዴዎች ጋምቤላን ለቀው ሲሄዱ ከአንዱ የገዛት፣ ከሱቁ ዕቃ ሁሉ አብልጦ የሚሳሳላት ነች። ጩኸቱ የሚመጣው ከዲፈረንሻሉ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከሚያዞሩት ጥርሶች ነበር። ዘይቱ አርጅቶ ይሆናል ብሎ በክሪክ አነሳትና ሥሯ ገብቶ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ፈታ።

ጥቁር ዘይት ሲጠብቅ ሳፋ ውስጥ የወረደው ወተት የገባበት ሻይ የሚመስል ነገር ሆነ።

ሳፋውን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ዘይቱን በጣቱ አሸው። ውኃ ገብቶበታል። እሱ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አቁሟት ነበር የሄደው። ይህን ያህል ውኃ የሚገባው ጎማዎቿ እስኪሸፈኑ ወንዝ ውስጥ ብትቆም ነው።

ሱቅ ገብቶ ሚስቱን፣ "ነሲባ፣ እኔ በሌለሁበት መኪናዋን የነካ አለ?" አላት።

"ማን ይነካታል?" አለች፤ ጨው መስፈሯን አላቋረጠችም።

ለምን እንደጠየቃት አልጠየቀችውም። ቁልፉ ደግሞ የሚቀመጠው እሷ ዘንድ ነው።

ጎረቤቱን ጀልበኛውን ኦኬሎን አጥሩ ጋ አገኘው።

"መኪናዬን ነድተሃል?"

"እኔ ጀልባ ነው የማውቀው፣ አቶ ሙሄ። መኪና አላውቅም።"

"ሌላ ሰው ሲነዳትስ?"

"እኔ ቤት የለም ነበር። ኢታንግ ነበር" አለና ዓይኑን ሰብሮ ወደ ቤቱ ገባ።

ከሰዓት በኋላ ነሲባና ኦኬሎ አጥሩ ላይ ሲያወሩ አያቸው። እሱ ሲጠጋ ዝም አሉ። ያን ጊዜ ያደረበትን ጥርጣሬ ስም ሊሰጠው ፈራ። ተመልሶ የመኪናዋን መቀመጫዎች አነሳ። ከአንደኛው ሥር የደረቀ ጭቃና የተበጠሰ ጨሌ አገኘ። ጨሌውን በመዳፉ ይዞ ሚስቱ ፊት ቆመ።

"የማን ነው?"

ነሲባ ቁና እጇ ላይ እንዳለ ተቀመጠች። "የአኳይ ነው" አለች።

የኦኬሎን ሚስት አኳይን ምጥ የያዛት ባሏ በሌለበት ነበር። ልጁ ተጣሞ መጥቶባት ስትደክም ነሲባ መኪናዋ ላይ ጫነቻት። ወደ ሚስዮን ክሊኒክ የሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ጅረት ሞልቶ ስለነበር መሐል ውኃ ላይ የመኪናዋ ሞተር ጠፋባቸው። የመንደሩ ሰዎች ገፍተው እስኪያወጧት ብዙ ቆየች። ልጁ ግን በሕይወት ተወለደ፤ እናቱም ዳነች።

"ኦኬሎ ሊነግርህ ፈልጎ ነበር። እንዳይነግርህ የለመንኩት እኔ ነኝ።"

"መንዳት ማን አስተማረሽ?" ሙሄ ከሁሉ ይህን አስቀደመ።

"አንተ። ጎንህ ስቀመጥ እግርህን ነው የማየው።"

"ለምን ደበቅሽኝ?"

"ቁልፉን ትወስድብኛለህ ብዬ።"

አልወስድም ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ውሸት መሆኑን ያውቀዋል። የጠረጠረውንም አልነገራት። ምናልባት እሷ ገብቷታል፤ ቀና ብላ ሳታየው ጨው መስፈሯን ቀጠለች።

ሲመሻሽ ዲፈረንሻሉን በንጹሕ ዘይት አጥቦ አፈሰሰና አዲሱን ሞላ። ከዚያ ጠራት።

"አንቺ ንጂ" አላት እጁን እየጠረገ። "እኔ ከውጭ ሆኜ ድምፁን ልስማ።"