ቁልቁል የወረደው መስመር

የላብራቶሪያችን ቴክኒሻን ጋሽ ብሎን መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ትልቁን ማግኔት የሚያቀዘቅዘውን የፈሳሽ ሂሊየም መለኪያ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ኪሱ ከብሎን ተለይቶ ስለማያውቅ ነው ስሙ የወጣለት።

"አርባ ሁለት! አንተ ልጅ፣ ጡረታዬን እዚሁ ጣሪያ ስር ልታስወጣኝ ነው?"

"አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ጋሼ።"

"ያንተ አሥር ደቂቃ ጢም ያበቅላል።"

የአየር ማውጫውን ማራገቢያ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ንዝረቱ ልኬቱን ስለሚያበላሽ ሁሌም እናጠፋዋለን፤ በምትኩ በሩ ይከፈታል፣ ጋሽ ብሎንም ሳያቋርጥ ያወራል። ድምፁ እስከተሰማ ድረስ ደህና ነን።

ማግኔቱ ሆድ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ሱፐርኮንዳክተር፣ ኤሌክትሪክ ያለ እንቅፋት የሚያልፍባት ቁራጭ፣ አለች። ኤሌክትሮኖቿ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሁለት ዓይነት ቋጠሮ ታስረዋል፤ አንዱ የላላ፣ ሌላው የጠበቀ። የማግኔቱ ኃይል ሲጨምር የላላው ቀድሞ ይፈታል፤ ያኔ የምንልክባትን የማይክሮዌቭ ሞገድ መዋጥ ትጀምራለች፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመርም ሽቅብ ይወጣል። ሁለት ዓመት የለፋሁት ለዚህ ነው።

መስመሩ ወጣ ወጣ አለና ድንገት ቁልቁል ወረደ። የተፈታው ቋጠሮ ተመልሶ ታሰረ? ማንም ያላየውን ያየሁ መሰለኝ። ከኋላዬ ኃይለኛ ፉጨት ሰማሁ፤ ፓምፑ ነው ብዬ ዓይኔን አልነቀልኩም። ጋሽ ብሎን ዝም ማለቱን እንኳ ወደድኩት።

ዝም ማለቱን!

ዞር ስል የማግኔቱን ኃይል የሚያሳየው ቁጥር ዜሮ ሆኗል። አዲስ ግኝት የለም፤ መስመሩ የወረደው ማግኔቱ ራሱ ኃይሉን አጥቶ ነው። ሂሊየሙ ፈልቶ ጣሪያውን በነጭ ደመና ሸፍኖታል። ከጋሽ ብሎን የሚታየኝ ከወገቡ በታች ብቻ ነው።

"ጋሼ! ውረድ!"

ሂሊየም አይመርዝም፤ አየሩን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል፣ ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። ማራገቢያውን አበራሁ። ንጹሕ አየር ያለው ታች ስለሆነ በዳዴ እስከ መሰላሉ ሄጄ፣ እጄን ሽቅብ ዘርግቼ ቁርጭምጭሚቱን ያዝኩና ሳብኩት። እንደ ጆንያ ላዬ ላይ ወደቀ። ኮሪደሩ ድረስ ስጎትተው ብሎኖቹ ከኪሱ እየወደቁ ይንቃጨላሉ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሦስት ጊዜ ጠራሁት። በአራተኛው አሳለው።

ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ አልጋ ላይ፣ ሲወድቅ የተጎዳው ክንዱ ታስሮ፣ ጠየቀኝ።

"ወዲያው ነው የደረስክልኝ?"

"አዎ" ምላሴ ላይ ነበረች። ግን መስመሩን መልሼ አይቼዋለሁ። የወረደበት ቦታ አለ፤ የማራገቢያው ንዝረት ያንቀጠቀጠው ደግሞ ወደፊት ራቅ ብሎ ነው፤ መሃሉ የዘገየሁበት ጊዜ ነው።

"ከአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ በኋላ" አልኩት። "መስመሩን እያየሁ ነበር።"

የታሰረ ክንዱን ተመለከተ።

"እስቲ አሥራ ዘጠኙን ቁጠር" አለ። "ጮክ ብለህ።"

ጀመርኩ። ሰባት ላይ ቆምኩ።

"ቀጥል" አለኝ።