አሥራ ሁለት በቅሎ ለአሸተን

አረጋ ወረቀት አያነብም። ይህን ለማወቅ ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ የሙከራ ጊዜዬም ሦስት ወር ነበር።

የምንሠራው ላሊበላ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ሆቴል ነው። እኔ እንግዳ እመዘግባለሁ፣ መርሐ ግብር አወጣለሁ፤ እሱ አስጎብኚ ነው። እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት መንገድ ዳር ባለው የአባቴ ሱቅ ውስጥ ነው፤ እዚያ ሁሉም ዕቃ መደርደሪያውን ያውቃል። አረጋ የሙጃ ልጅ ነው። እሱ ሲናገር ከግቢው ማዶ የሚያልፍ ሰው ሳይጠራ "አቤት!" ይላል። ስለዚህ እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይጮኻል፤ አንግባባም።

ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ብርቅዬ ይህን አይተው ነው መሰለኝ፣ ደሴ ለሥልጠና ሄደው ሲመለሱ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘው መጡ። ሰው በጠባዩ አራት ዓይነት ነው ይላል፦ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ረጋ ያለ፣ ጥንቁቅ። ሰበሰቡንና "እያንዳንዳችሁ ራሳችሁን ፈልጉ" አሉን።

"እኔ አራቱንም ነኝ" አለ አረጋ። "ምሳ ሲዘገይ ደግሞ አምስተኛ እሆናለሁ።"

ሁሉም ሳቀ። እኔ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩትና "ጥንቁቅ" ከሚለው ጎን ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈትሂያ መባሌ ቀረ። "ወይዘሪት ጥንቁቅ፣ ዛሬ ከቤትሽ እዚህ ድረስ ስንት እርምጃ ሆነ?" ይለኛል አረጋ። እኔም አንድ ቀን ጨንቆኝ "ያው ፈጣን አይደለህ፣ ሳታስብ ተናገር" አልኩት። ሥልጠናው መሰዳደቢያ ስም ሰጠን እንጂ አላስማማንም።

የሙከራዬ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ከአዲስ አበባ ጡረታ የወጡ መምህራን ሊመጡ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ተራራው ላይ ያለችውን አሸተን ማርያምን ተሳልመው በዚያው ቀን በአውሮፕላን ይመለሳሉ። መጀመሪያ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ጥቂቶቹ በእግር ስለሚወጡ ዘጠኝ በቅሎ ይበቃቸው ነበር። ሐሙስ ዕለት አሥራ ስምንት ሆኑ። እኔም ጻፍኩ፦ አሥራ ሁለት በቅሎ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ጉልበት የሚያማቸው ሦስት፣ ገደል የሚያስፈራቸው አንዲት፣ ልክ በስድስት ሰዓት ሁሉም መኪና ውስጥ። ወረቀቱን በእጁ ሰጠሁት። አጠፈው።

ዓርብ ከሰዓት በባጃጅ ሲያልፍ አንገቱን አውጥቶ "ዘጠኝ በቅሎ፣ አንድ ሰዓት! ጨርሻለሁ!" ብሎ ጮኸ። ስለ ሌላ እንግዳ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ወረቀቱ እጁ ላይ አለ አይደል? እሱ ደግሞ ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰደው።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን አሥራ ስምንት መምህራን ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ። በቅሎ የለም። አንድ ሰዓት ላይ ዘጠኝ መጡ።

"ወረቀቱስ?" አልኩት አረጋን።

"የቱ ወረቀት?"

ወደ አስጎብኚዎቹ ክፍል ሮጥኩ። ወረቀቱ አራት ጊዜ ታጥፎ የሚንገዳገደውን ጠረጴዛ እግር ደግፎ ይዟል።

"ውፍረቱ ግን ልክ ነው" አለ አረጋ ከኋላዬ፣ ሊያስቀኝ ፈልጎ። "ጠረጴዛው ከሐሙስ ወዲህ ንቅንቅ አላለም።"

"ትቀልዳለህ?"

"እሺ አንቺስ፣ በባጃጅ ስነግርሽ ለምን ዝም አልሽ?"

"በባጃጅ የሚነገር ነገር ነው ይሄ?"

ወይዘሮ ብርቅዬ ደረጃው ላይ ሆነው ሰምተውናል። "ፈትሂያ" አሉ ቀስ ብለው፣ "የቋሚነት ደብዳቤሽ ተጽፏል፤ አልፈረምኩበትም። ስድስት ሰዓት ላይ እነዚህ ሰዎች መኪና ውስጥ ካሉ እፈርማለሁ። ከሌሉ ግን፣ ልጄ፣ ሰኞ ወደ ወልድያሽ ትመለሻለሽ። አንተም አረጋ ጥርስህን ክደን።"

ሰው ማየት አቃተኝና በቅሎዎቹን አየሁ። የበቅሎ ነጂዎቹ አለቃ ጋሼ ምስጋኑ ይጭኗቸዋል። ዳማ የተባለውን ጎኑን በጥፊ መትተው "ተነሣ አንተ ሰነፍ!" ብለው ጮኹበት፤ ጆሮውን አቁሞ ቀጥ አለ። ቡሊት የተባለችዋ በቅሎ ዘንድ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ጠፋ። ኮርቻውን ከፊቷ ይዘው ቆሙ። እሷ አሸተተችው፣ ዞር ብላ እንደገና አሸተተችው፤ ከዚያ ጀርባዋን ለኮርቻው አመቻቸችላቸው።

"ለምንድነው እሷን የሚለምኗት?" አልኳቸው።

"ሳታየው የተጫነባትን ትጥላለች። እሱን ደግሞ ብለምነው እስከ ማታ ይተኛል።"

"አይለወጡም?"

"እነሱ?" ሳቁ። "እኔ ነኝ እንጂ የምለዋወጠው፣ የኔ ልጅ። ዘጠኝ ጊዜ በየጠዋቱ።"

ከእኔና ከአረጋ ማን ዳማ፣ ማን ቡሊት እንደሆነ ለመለየት ሥልጠና አላስፈለገኝም። ከጠረጴዛው ሥር የመዘዝኩትን ወረቀት ኪሴ ከተትኩና ከተወለድኩ አውጥቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኽኩ፦

"አረጋ! ሦስት በቅሎ! በሩብ ሰዓት! ከገበያው መንገድ!"

መምህራኑ ዞሩ። ዳማም ጆሮውን አቆመ። አረጋ አፉን ከፍቶ አየኝ።

"ድምፅ አለሽ እንዴ አንቺ!" አለና ሮጠ።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ከብልባላ በኩል እህል የጫነ በቅሎ ይገባል። አረጋ በአሥራ ሦስት ደቂቃ ሦስት በቅሎ ከነባለቤቶቻቸው እያሳቀ አመጣ። እህሉ ግቢያችን ውስጥ ተራገፈ፣ ኮርቻ ተጫነ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። የመጨረሻዋ በቅሎ ባለቤት እህሉን ሊጠብቅ ስለቀረ እኔው ልጓሟን ያዝኩ። ደስታ ይሁን ፍርሃት አላውቅም፤ ልቤ ከእግሬ ቀድሞ ዳገቱን ይወጣል።

እኔ የምስባት በቅሎ ላይ የተቀመጡት እትዬ አገሬ ነበሩ፤ አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ገደል የሚያስፈራቸው። ጫፉ ጋ ስንደርስ ከበቅሎ ተወርዶ በእግር የሚታለፍ ጠባብ መንገድ አለ፤ በግራ ዐለት፣ በቀኝ አየር። እትዬ አገሬ አንድ ጊዜ አዩትና ቆሙ። ከኋላቸው አራት ሰው ቆመ። ሰዓቴ ሦስት ይላል።

"አብሽሩ እትዬ አገሬ!" አረጋ ከፊት ጮኸ። "ምንም አይደል! እኔ እዚች ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሄድ!"

"ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው የሚመራኝ?" አሉና ዐለቱን በሁለት እጃቸው ያዙት።

እኔ እየቆጠርኩ ጠባቡን ተሻገርኩና ተመለስኩ። "አርባ አንድ እርምጃ ነው" አልኳቸው በቀስታ። "ሃያ ሦስተኛው ላይ ዐለቱ የእጅ መያዣ አለው። ሠላሳ ላይ ይሰፋል።"

ፊታቸውን አዞሩ። "በአንቺ እርምጃ ወይስ በእኔ?"

"በእኔ። በእርስዎ አርባ ስድስት ቢሆን ነው።"

አሰቡበት። "ቁጠሪ" አሉ።

አርባ ስምንት ሆነ። "በሁለት ተሳስተሻል" አሉኝ ማዶ ቆመው፣ ፊታቸው በርቶ።

እነሱ ሊሳለሙ ሲገቡ እኔ ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አረጋ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

"ለካ ስትቆጥሪ ለክስ አይደለም" አለ።

"ለክስ?"

"ስትጽፊ ማስረጃ የምትይዥብኝ ነበር የሚመስለኝ።"

"ወላሂ እኔ ደግሞ ስትጮህ የምትቆጣኝ ነበር የሚመስለኝ።"

"ኧረ በማርያም! የሙጃ ሰው ጎረቤቱ ሸለቆ ማዶ ነው። ካልጮኸ ማን ይሰማዋል?"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሰዓቴን አሳየሁት፤ ዘለን ተነሣን።

ስንመለስ ጠባቡ ላይ ከእትዬ አገሬ ፊት የሄደው እሱ ነው። አንድም ቀልድ አልወጣውም። በሹክሹክታ "ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ አሁን መያዣው" ሲል ሰማሁት። ቁልቁለቱን ግን እየዘፈነ፣ የደከሙትን እያነሣሣ አወረዳቸው፤ እኔ ያን ብሞክር እስካሁን እዚያው ነበርን። አምስት ከሃምሳ ግቢ ገባን። እኔ ሻንጣ ቆጠርኩ፣ እሱ ሰው ጠራ። ስድስት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አሥራ ስምንቱም መኪናው ውስጥ ነበሩ።

ወይዘሮ ብርቅዬ ሰዓታቸውን አዩ። ደብዳቤውን የፈረሙት እዚያው ቆመው፣ የጋሼ ምስጋኑ ኮርቻ ላይ አስደግፈው ነው። ደብዳቤው ጥጉ ላይ አሁንም የበቅሎ ላብ ምልክት አለው።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። ፊደሉ እንደ አሸተን መንገድ ይጠማዘዛል፦ "ብልባላ። ስድስት ሰው። አራት በቅሎ። አንድ ሰዓት። አረጋ።" ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መዝገቤን ገለጥኩ፤ ማታ አንድ ሰው ተጨምሯል። ብድግ ብዬ ወደ በሩ ስሮጥ አረጋ የተሳፈረበት ባጃጅ የመንገዱ ጥግ ላይ ደርሷል። እጆቼን አፌ ዙሪያ አድርጌ ጮኽኩ።

"አረጋ! አየሁት! አምስት ነው በቅሎው፣ አምስት!"

"አቤት!" አለ ከማዶ አንድ የማላውቀው ሰው። ከባጃጁ ግን አንድ እጅ ወጣ፤ አምስት ጣት ተዘርግቶ።

የአስጎብኚዎቹ ጠረጴዛ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ይንገዳገዳል። ከእግሩ ሥር የሚገባ ወረቀት ጠፋ።