የቺንጋው ነገር

ደንበኞቹ ጋሽ ብልጭታ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት እጁ ነው። የአንድ መኪና ባትሪ እየደከመ ሲያስቸግር፣ ጥፋቱ የባትሪው ይሁን ባትሪውን የሚሞላው የዲናሞው ለመለየት ሌላው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቴስተር የሚባለውን መለኪያ ፍለጋ ይንጎራደዳል። እሱ ግን ሞተሩን ያስነሳና፣ እየሠራ ሳለ የባትሪውን አንድ ገመድ መንጭቆ ይነቅለዋል። ጧ! ይላል ብልጭታው። ሞተሩ ከጠፋ ዲናሞው ሞቷል፤ ካልጠፋ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የባትሪው ነው። ከዚያ ገመዱን መልሶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «በል ንዳ!» ይላል። ተመልካች ከበዛ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚነቅለው። አርባ ዓመት እንዲህ ኖረ። መቼም ሰው በሙያው መመካት ይወዳል፤ እሱን ብቻ ነጥለን አንፈርድበትም።

ልጅ አልወለደም። የታናሽ ወንድሙ ልጅ ግን ጡት ሳትጥል እናቷ ስለሞተችባት በሁለቱ ወንድማማቾች እጅ ነው ያደገችው። የሰፈር ሰው «ባለ ሁለት አባቷ» እያለ ይቀልድባት ነበር። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ እሷ ግን መርፌና ክር ሲያዩ እንቅልፍ ከሚመጣባቸው ነበረችና አጎቷን ተከትላ ጋራዥ ገባች። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተምራ፣ የራሷን ቴስተር ይዛ፣ ቱታዋን ለብሳ ከጎኑ ቆመች። አጎት በኩራት ሊፈነዳ ምንም አልቀረውም። ችግሩ አፉ ማሾፍ እንጂ ማመስገን አያውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊው አሮጌ መኪናውን እያስጮኸ መጣ። ጎረቤት ከተማ ላለ ትምህርት ቤት የሰፋውን ዩኒፎርም ሊያደርስ ነው። የሚጮኸው ቺንጋው ነበር፤ ሞተሩ ዲናሞውን የሚያሽከረክርበት የጎማ ቀበቶ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል። ልጅቷ አዲስ ገጠመችለት፣ ብሎኑን አጠበቀች፣ በአውራ ጣቷ ተጭና መወጠሩን አየች። ሞተሩን አስነስታም ባትሪው ላይ ለካች። አሥራ አራት ነጥብ ሁለት ቮልት፤ ጤነኛ ዲናሞ የሚሰጠው ልክ ይኸው ነው።

«አለቀ፣ አባዬ» አለች።

«ምኑ ነው ያለቀው? እኔ ሳላየው?» ብሎ ጋሽ ብልጭታ ከሌላ መኪና ሥር ተንፏቆ ወጣ።

«አጎቴ፣ ለክቼዋለሁ እኮ! ደግሞ ሞተር እየሠራ ባትሪ አይነቀልም። ኃይሉ መሄጃ ሲያጣ ዲናሞው ውስጥ ያሉትን ዳዮዶች ነው የሚያቃጥለው፤ እነሱ ከተቃጠሉ ባትሪ አይሞላም። ተምረነዋል።»

«ለቀባሪው አረዱት አሉ!»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው አባቷ ነው። ጋሽ ብልጭታ ዓይኑን ጨፈነና ነቀለ። ጧ! ሞተሩ አልጠፋም። ገመዱን መለሰ። ልጅቷ እንደገና ልትለካ ስትጠጋ ቴስተሩን ከእጇ ወስዶ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተው።

«ወንድምዓለም፣ ዲናሞህ አንበሳ ነው። በል ንዳ!»

ወንድሙ ነዳ። ዩኒፎርሙን አደረሰ፣ ሲመለስ መሸበት። ዲናሞው መሙላት ሲያቆም የምታስጠነቅቀው ቀይ መብራት ከተቃጠለች ዓመት አልፏታል፤ ዛሬ እንቀይራት ነገ እንቀይራት ሲባባሉ ቀርታለች። ባትሪው ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ሲጨርስ ሞተሩ ጠፋ፣ መብራቱም ጠፋ፤ መኪናው ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ቆመ። ከኋላ መጥቶ የገጨው የጭነት መኪና ሹፌር «ምንም አልታየኝም» እያለ ፖሊሶቹ ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከቀብሩ በኋላ መኪናው ተጎትቶ ጋራዡ ጥግ ቆመ። ኋላው ጭራሽ ተጨራምቷል፤ ፊቱ ግን ጭረት እንኳ የለውም። ባትሪው ባዶ ሆኖ መገኘቱን ልጅቷ ስትሰማ፣ «ቺንጋውን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች። ላልቶ ነው፣ ዲናሞውን ማሽከርከር አቁሞ ነው፣ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ ትላለች ደጋግማ። መኪናው አጠገብ መድረስ ቀርቶ ጋራዡ ያለበትን መንገድ መርገጥ ተወች።

ጋሽ ብልጭታ ግን መኪናው የመጣ ዕለት ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ተጭኖት ነበር። ጠብቋል። ልክ እንደሚገባው ተወጥሯል። ከዚያ ኮፈኑን ከደነ፣ ሸራ አለበሰው፣ ሆድ ይፍጀው አለ። ወንድሜን አጥቻለሁ፣ እሷንም ላጣ? አለ። ትንሽ ትረጋጋ፣ ከአርባው በኋላ እነግራታለሁ አለ። አርባው አለፈ። ሰው ለፈራው ነገር ሰበብ አያጣም፣ እሱም አላጣም።

በየቀኑ ቤቷ እየሄደ ይጠይቃት ነበር። አባቷ የስፌት መኪና ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የሚያገኛት፤ ፊቷ አልቆ ዓይን ብቻ ቀርቷል። አንድ ቀን እግሩ ላይ ወደቀች።

«ወንድምህን ነጠቅኩህ፤ ይቅር በለኝ።»

አነሳት። ያን ጊዜ ቢናገር ኖሮ! አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ። ማንም ሰው ይሳሳታል።»

ከዚያን ቀን በኋላ እህል አልዋጥልህ አለው። ሁለት ወር ሲሞላ ጋራዡን በቀትር ዘግቶ ዲናሞውን አወረደና ብሎኑን ሁሉ ፈትቶ ከፈተው። ከስድስቱ ዳዮዶች አራቱ ከስለዋል፤ ብልጭታው የለበለባቸው መንገድ ላይ ተቃጥለው አልቀዋል። በጨርቅ ጠቅልሎ ሄደና ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጠላት።

«ቺንጋው አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ። ነቅዬ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላብጣ አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ እንደ ባለሙያ ተንቀሳቀሰ።

«መቼ ፈታኸው?»

«ዛሬ።»

«ቺንጋውስ?»

«ጠብቆ ነበር። በደንብ ነው ያሰርሽው።»

«እሱንም ዛሬ ነው ያየኸው?»

አዎ ቢላት ታምነዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ እሱ ያላትን ሁሉ አምናለች።

«መኪናው የመጣ ቀን ነው ያየሁት።»

ዲናሞውን ጨርቁ ላይ መለሰችው። ብትሰድበው፣ ብትጮህ፣ ብትመታው በተሻለው ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«ለመንቀሉ ሁሉም ይነቅላል። አባዬም ራሱ ስቋል። ለእሱስ ይቅር እልህ ነበር። ግን እግርህ ላይ ወድቄ ስለምንህ... ይቅር አልከኝ እኮ፣ አጎቴ። እያወቅክ ይቅር አልከኝ።»

«ልጄ...»

«ሂድልኝ።»

ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋና ጩኸቷ ተሰማ። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ራሷ ጥፋት ስታለቅስ የኖረች ልጅ አሁን ገና «አባዬ! አባዬ!» እያለች ስለ አባቷ ታለቅሳለች። ጋሽ ብልጭታ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ጎረቤቷ ልቅሶውን ሰምታ ብቅ አለች። ሽማግሌውን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረና ትከሻውን ያዘች።

«አይዞህ፣ ጋሽዬ። አንተ ባትኖርላት ይቺ ልጅ ምን ይውጣት ነበር?»

እጇን ከትከሻው ላይ ቀስ ብሎ አወረደ። የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ወረደ።