የዝምታው ቀን ጥንስስ

ሉ ሱከርቲ ከሞተር ብስክሌቷ ሳትወርድ በረዶ ሻጩን የቀረው በረዶ እንዳለ ጠየቀችው። ሰውየው ባዶውን ሳጥን ከፍቶ አሳያት። ነገ የዝምታ ቀን ነው፤ በኢንዶኔዢያዋ ባሊ ደሴት በዚህ ቀን እሳት አይነድም፣ ሥራ አይሠራም፣ ማሽን አይነሳም፣ ከቤት አይወጣም። የሰፈሯ የሳኑር ሰው ያገኘውን ሸምቶ ገብቷል። እሷ ግን የብረት ጋኗ ውስጥ ገና መፍላት የጀመረ ቢራ አላት። በዚህ ሙቀት ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ከጠፋ ጥንስሱ አለቀለት።

ጥፋቱ የራሷ ነው። ቢራዋን ሊገዛ ያሰበ ሆቴል በቅርቡ እንቅመሰው ሲላት ቸኩላ ግድግዳዋ ላይ የሰቀለችውን የፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ ብቻ አይታ፣ በዓሉ የሚቆጠርበትን የባሊውን ሳታይ ጠነሰሰች። የባሊ ልጅ የዝምታን ቀን ትረሳለች? ረሳቻ! ቢራው ከተበላሸ ደግሞ ለእሱ ስትል የለቀቀችው ሥራ፣ የተከራየችው ቤት፣ ሁሉንም ውሃ በላው ማለት ነው።

ሸሪኳ አውስትራሊያዊው ክሬግ በስልክ፣ በሩን ዘግተሽ የማቀዝቀዣውን ማሽን እንደበራ ተይው፣ ማን ይሰማል አላት። ክሬግ ምን ቸገረው! የዚያ ማሽን ጩኸት እንኳን ጎረቤት ሙት ይቀሰቅሳል።

አመሻሽ ላይ አጎቷ ሱዊርታ ወደ ቢራ መጥመቂያዋ መጡ። የዝምታውን ቀን የሚያስከብሩት የሰፈሩ ጠባቂዎች አለቃ ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ ዳማ ሽርጣቸውን አሸርጠዋል። ውጭ ወጣቶቹ እንደ ዋዜማው ልማድ የአጋንንት ምስል ተሸክመው ከበሮ እየደለቁ ያልፋሉ። አጎቷ ግን ማሽኑን ሰምተው ቆሙ። ሉ ወዲያ ወዲህ እያለች ሁሉንም ነገረቻቸው።

"አምና በዝምታው ቀን ጀነሬተር ያስነሳውን ሰውዬ ማን ቀጣው?" አለቻቸው በመጨረሻ።

"እኔ ነኛ።"

"እኔንስ?"

ሽማግሌው ዓይኗን ሳያዩ፣ "ነገ በዚህ መንገድ አላልፍም። ጆሮዬም እንደሆነ አርጅቷል" አሉ።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እኚህ ሰው ግን ለማንም አድልተው አያውቁም፤ ለእሷ ሲሉ ነገ ሰውን ሁሉ ሲዋሹ ሊውሉ ነው። አፈረች፣ ተናደደችም። ጋኑን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ገና ቀዝቃዛ ነው። ማሽኑን አጠፋች፣ በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን ለአጎቷ ሰጠች።

"ከነገ ወዲያ ጠዋት ድረስ ይያዙልኝ። ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ።"

"ቢራሽስ ልጄ?"

"ይበላሽ። ነገ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ማሽኑን እንዳላስነሳ ራሴን አላምነውም።"

ሽማግሌው ቁልፉን ሽርጣቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።