የጣቢያው ፋኖስ ጢንዚዛዎች

ኡምሰልማ ሦስቱን ሣጥኖች ጉልበቷ ላይ ደርድራ ጋቢና ውስጥ ስትቀመጥ፣ ሾፌሩ ሙሌ አፍንጫውን ያዘ።

«ኧረ ኡምዬ! ሬሳ ነው እንዴ የጫንሽብኝ? ካፉር ካፉር ይላል።»

«ሬሳስ ሬሳ ነው፤ ሰማንያ ዓመት ቀባሪ ያጣ። አንተ መሪህን ያዝ።»

አልዋሸችም። ከመስታወቱ ሥር አራት መቶ ጢንዚዛ በመርፌ ተወግቶ ተሰልፏል። በእያንዳንዱ ሥር ጥፍር የምታህል ወረቀት አለች፤ የተገኘበት ቦታና ቀን በጣልያንኛ ተጽፎባታል። አያቷ ኡበይዳ፣ ሬሳ የሚገነዝበትን ካፉር በየዓመቱ እየነሰነሰ ከብል ጠበቃቸው። ከእሱ በኋላ አባቷ፣ ከአባቷ በኋላ እሷ።

ሣጥኖቹ የዶክተር ሳልቬቲ ናቸው። ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ፣ አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለችው የድንጋይ ቤት ተቀምጦ ያክም ነበር። ማከም ከተባለ እንግዲህ፤ ኪኒኑ ለወታደሩ፣ የተረፈው ለሐዲድ ሠራተኛው፣ ካልተረፈ ለሠራተኛው ጉድጓድ። ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሰው ይሆናል አሉ። መረቡን ይዞ በእሾህ መሀል ይሮጣል፤ ለአንዲት ጢንዚዛ ተንበርክኮ ትንፋሹን ይውጣል። ወባ እሱንም ጉልበቱን ሲሰብረው፣ የሃያ ዓመቱን ኡበይዳን ለጢንዚዛ ለቀማ ቀጠረ። የይለፍ ወረቀት እየጻፈለት አንዴ ገዋኔ፣ አንዴ ሚሌ ይልከዋል። በመጨረሻ እንግሊዝ መጥቶ ዶክተሩን ሲማርከው፣ «ሣጥኖቼን ጠብቅልኝ፣ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ቀረ። ኡበይዳ ቤቱ ውስጥ ገባ፣ ወለደ፣ እዚያው ሞተ።

አሁን የዚያ ቤት በር ላይ ቀይ ኤክስ ተቀብቷል። መንገድ ሊወጣበት ነውና፣ ኡምሰልማ ሻይ የምትሸጥበት፣ እናቷ አልጋ ላይ የዋለችበት ቤት ሰኞ ይፈርሳል። መሐንዲሱ አንዲት ቀዳዳ ትቶላታል፦ «ሣጥኖቹ ቅርስ ናቸው የሚል ደብዳቤ ከሰመራ ቅርስ ቢሮ ካመጣሽ፣ ቤቱም አብሮ ይተርፋል።» ዛሬ ሐሙስ ነው።

ገዋኔን እንዳለፉ ሙሌ፣ «አያትሽ ታዲያ ይሄን ሁሉ አገር በእግሩ ዞሮ ነው የለቀመው?» አላት።

ኡምሰልማ ሳቀች። ሻይ ቤቷ ገብቶ ይህን ወግ ሳይሰማ የወጣ የለም።

«የት ዞሮ! እናቱ ባቲ ታማበት ነበር። ይለፉን ይቀበልና ባቲ ሄዶ እናቱን አስታሞ ይመጣል። ከዚያ ጣቢያው ፋኖስ ሥር የረገፈውን ያፍስና፣ ‹ይሄ የገዋኔ፣ ይሄ የሚሌ› ይለዋል። ፈረንጅ ሆዬ መነጽሩን አድርጎ ይጽፋል!»

ሙሌ መሪውን እየደበደበ ሳቀ። «ወይ ጀግና! አንድ ጥይት ሳያባክን!»

ሰመራ ላይ የተቀበላት የቢሮው ባለሙያ ፍቅረሰላም ይባላል፤ የነፍሳት ትምህርት የተማረ፣ ጣልያንኛ የሚያነብ ቀጭን ወጣት ነው። መስታወቱ ላይ አጎንብሶ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበ።

«እትዬ፣ ጥጡና ሸንኮራው የአዋሽን ሸለቆ ሳይይዘው በፊት የት ምን ይኖር እንደነበር የሚነግረን አልነበረም። እነዚህ ወረቀቶች ይነግሩናል። ደብዳቤውን አሁኑኑ እጽፍልዎታለሁ።»

ኮምፒውተሩን ከፈተ። ኡምሰልማ በልቧ አልሐምዱሊላህ አለች። እሱ እየጻፈ፣ ከሣጥኖቹ ጋር ያመጣችውን የዶክተሩን ደብተር ገልጦ ያያል። አንድ ገጽ ላይ ቆመ።

«ሦስት ሠራተኞች ሞቱ ይላል፤ ስም የለም። ከሥሩ ለአንዲት ጢንዚዛ ግማሽ ገጽ!»

«የአያቴስ ስም? ኡበይዳ ይላል?»

ገጹን ሁለት ሦስቴ አገላበጠ። «አይልም። ‹አገልጋዩ› ነው የሚለው።»

ደሟ ፈላ።

«አገልጋይ? ያገለገለውስ ፈረንጁ ነው!» ብላ ተነሳች። ወጉን ሳታስቀር ነገረችው፤ ባቲን፣ ፋኖሱን፣ የዶክተሩን መነጽር ጭምር በእጇ እያሳየች። ጨርሳ ሳቁን ጠበቀች።

ፍቅረሰላም አልሳቀም። «ሁሉንም ነው?»

«አንድ ሳይቀር!»

ጣቶቹ ከቁልፎቹ ላይ ተነሱ። «እኔም ገርሞኝ ነበር። ዛሬ ገዋኔ፣ ነገ ሚሌ ይላል ደብተሩ፤ ያን ሁሉ መንገድ በአንድ ቀን በእግር!» ሣጥኑን በቀስታ ከደነ። «የነሱ ዋጋ ቦታቸው ነው፣ እትዬ። ቦታው ውሸት ከሆነ መርፌ ላይ የደረቀ ጢንዚዛ ነው የቀረው።»

«አልሰማሁም በል፣ ልጄ። የሾፌር ማሳቂያ ነው።»

«ሰማሁ እኮ።»

«እናቴን የት ላስተኛት? ሰኞ እኮ ነው!»

ፍቅረሰላም ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የጻፋትን ሁለት መስመር አጠፋት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በማግስቱ ሙሌ ዲቾቶ አድሮ ሲመለስ፣ ሰመራ መውጫ ላይ ሣጥኖቿን አቅፋ ቆማ አገኛት። ጋቢናው ውስጥ ሌላ ተሳፋሪ አለ፤ ስለ ደብዳቤው ማን ይጠይቃል? ሙሌ ገና ሳትቀመጥ ጀመረ።

«መጣችልህ! ኡምዬ፣ በአላህ፣ ያንን የአያትሽን ተንኮል ለዚህ ሰውዬ ንገሪው!»

ኡምሰልማ ሣጥኖቹን ጉልበቷ ላይ ደርድራ በሩን ዘጋች።

«የምን ተንኮል?» አለች። «አያቴ የፈረንጅ አገልጋይ ነበር። ሂድ ያለው ቦታ ይሄዳል፤ ሌላ የማውቀው የለም።»

ሙሌ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። ካፉሩ እንዲወጣ መስኮቱን ዝቅ አደረገው።