ንጋት ከተራራው ስትወርድ

ላሊበላ ውስጥ ስውሮች እንዳሉ ሁሉም ያወራል፤ የትኛው ጎረቤት ከነሱ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ሆቴል አልጋ የምታነጥፈው፣ ጎማ የሚለጥፈው፣ ወደ ብልባላ በሚሄደው ሚኒባስ ላይ ሒሳብ የሚሰበስበው፣ ማንኛቸውም ሊሆኑ ይችላሉ። እነሱም እንደ ሰው ወገን አላቸው፤ የተራራና የወንዝ። የሚጣሉት በጭጋግ ይገባኛል ነው። ጭጋግ የሌለው ስውር መደበቂያ የለውምና።

የአልጣሽ ልጅ ንጋት ከተራራው ወገን ያገባችው ከከተማው በላይ የሞባይል ምሰሶ በተተከለ ዓመት ነው። ሙሽራው ምሰሶ ተካይ መስሎ ገብቶ ወሰዳት። ምሰሶው ቆመ፤ ወደ ስውሮች ግን ስልክ አይገባም። ንጋት ቅዳሜ ጭጋግ ከወረደ ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅላ ትመጣለች፤ ማታ በብልባላ ሚኒባስ ተሳፍራ ጭጋጉ ጋ ስትደርስ ትወርዳለች። ጎረቤት ሲጠይቅ አልጣሽ፣ ፍላቂት ከተማ ነው ያገባችው ትላለች።

ስውሮች ጨው አይቀምሱም። ከነሱ ጋር የኖረ ሰው ጨው ከቀመሰ መመለሻው ይጠፋበታል፣ ከሰው ጋር ይቀራል። አልጣሽ ይህን ስለምታውቅ ለልጇ ሁልጊዜ ጨው የሌለው ሽሮ ነው የምትሠራው።

ባለፈው ቅዳሜ ንጋት ክፉ ወሬ ይዛ መጣች። ሁለቱ ወገኖች ተጣልተዋል፣ መንገዱ ሊዘጋ ነው፤ ከእንግዲህ ምናልባት አንዴ ብቻ ብመጣ ነው አለች። አልጣሽ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ብትታመም ማን ይጠይቃታል? እኔ ብሞት ማን ይነግራታል? እያለች ስትገላበጥ ሰነበተች።

ቅዳሜ ደርሶ ሽሮው ሲንተከተክ ጨው ጨመረችበት። ትንሽ በዛባት።

ንጋት ነጠላዋ በጉም ርሶ ገባች።

"እማ፣ ከስተሻል። ልጇ ከፍላቂት ስንቅ አትልክላትም ብለው ሊያሙኝ ነው።"

"አምተውሽ ጨርሰዋል" አለች አልጣሽ፣ ሳህኑን እያቀረበች።

ንጋት ጠቅልላ ልትጎርስ ስትል ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ርሷል። ጉም እንዲህ ክብ ሠርቶ አያረጥብም። አልጣሽ ወልዳ አጥብታለች፣ ታውቀዋለች።

"ወልደሻል?"

ንጋት አቀረቀረች። "መንገዱ ከተዘጋ ሳላየው ቀረሁ ብለሽ እንዳይቆጭሽ ብዬ ነው የደበቅሁሽ።"

አልጣሽ እጇን ይዛ ጉርሻውን አስጣለቻት።

"ጨው አለበት፣ ሆዴ። ተይው።"

ንጋት ሳህኑን አየች፣ እናቷን አየች፣ ገባት። አልተቆጣችም። እናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እኔም ብቀር ደስ ይለኝ ነበር አለች በለሆሳስ። አልጣሽ ፀጉሯን እየዳበሰች ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል ጠየቀቻት። ጆሮው ያንች ነው፣ ትልልቅ ነው ስትላት ሁለቱም በእንባቸው መሀል ሳቁ።

ውጭ የብልባላው ሚኒባስ ተሳፋሪ መጥራት ጀመረ። ንጋት ትንሽ ልቆይ ብላ ለመነች። አልጣሽ ነጠላዋን አስተካክላ አለበሰቻት።

"ሂጂ ልጄ። የሚጠባ ልጅ ቆየኝ አይባልም።"

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲያያዘው አልጣሽ ደጅ ቆማ ፊቷን ወደ ተራራው መለሰች። የሕፃን ለቅሶ ቢሰማኝ ብላ የሞተሩ ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀች። ድምፁ ራቀ፣ ጠፋ። እሷ ግን ከደጁ አልገባችም።